የፀሐይ ጥቁር መስመሮች
የፀሐይ ኅብረ ቀለም፣ ከጥቁር መስመሮቹ ጋር

እንዲህ ያሉትን መስመሮች ጆሴፍ ፍራውንሆፈር እ.ኤ.አ. በ1814 ከ500 በላይ መዝግቧል። ሳይንቲስቶቹ ኪርኾፍና ቡንሰን በ1859 እንዳሳዩት፣ በፀሐይ ከባቢ አየር ያለ እያንዳንዱ ንጥረ ነገር የራሱን ቀለማት ስለሚውጥ መስመሮቹ አሻራዎቹ ናቸው። ታዲያ የብረት መስመሮች ስለበዙ ፀሐይ በአብዛኛው ብረት ናት? አይደለችም፤ የመስመርን ጉልህነት የንጥረ ነገሩ መጠን ብቻ ሳይሆን ሙቀትም ይወስነዋል። የሥነ ፈለክ ተመራማሪዋ ሴሲሊያ ፔይን በ1925 ይህን አስልታ በከዋክብት ውስጥ ሃይድሮጅን እጅግ እንደሚበዛ አገኘች፤ ውጤቱን የተጠራጠረው የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ሄንሪ ራስልም በ1929 በራሱ ስሌት ደረሰበት። «ያልተነካ ኮከብ እንዴት ይታወቃል?» ለሚል ሂሊየም ምስክር ነው፦ በ1868 በፀሐይ ብርሃን ታይቶ፣ በምድር ላይ ተለይቶ የወጣው በ1895 ነው። ይሁን እንጂ ፀሐይን የሚመስሉ ከዋክብትን ለማወቅ መስመር መቁጠር አይበቃም፤ የከባቢ አየራቸውን ሙቀትና ግፊት አብሮ ማስላት ግድ ነው።