ባሕር ዳርን እና ጣናን ሊጎበኝ የመጣ እንግዳ ምን ይመልከት?

ሰባታሚት ከባሕር ዳር በስተደቡብ ወጣ ብላ የምትገኝ የአርሶ አደሮች ቀበሌ ናት። በእርሷም ሆነ በከተማዋ እንግዳ የተቀበለ ቤት ሁሉ አንድ ጥያቄ ይገጥመዋል፤ ምን እናሳየው? ከአዲስ አበባ የመጣ ዘመድ፣ ከዐረብ ሀገር የተመለሰች እህት ወይም ከሩቅ ሀገር የመጣ ጎብኚ ብዙውን ጊዜ የሚቆየው አንድ ወይም ሁለት ቀን ነው። በዚህ አጭር ጊዜ የትኛው ይቀድማል? የትኛውስ በየትኛው ወር ቢታይ ይሻላል? ቀጥሎ የቀረበው የባሕር ዳርን እና የጣና ዙሪያን ዋና ዋና መስህቦች ለጎብኚውም ለተቀባዩም የሚያስረዳ ነው።

ከባሕረ ሰላጤው ከተሞች የተመለሱ ወገኖች ስለ ዱባይ ሲያወሩ ቀድመው የሚያነሱት 828 ሜትር ከፍታ ያለውን ቡርጅ ኸሊፋን ነው። ከሕንፃው ግርጌ ሰው ሠራሽ ሐይቅ አለ፤ በሐይቁም ላይ ውኃ በሙዚቃ ይወረወራል። በዚያ ሐይቁ ጭምር የሰው እጅ ሥራ ነው። በባሕር ዳር ግን ሐይቁ ከከተማዋ ቀድሞ የነበረ ነው፤ የነዋሪው ድርሻም የተረከበውን ጠብቆ ማቆየት ነው። ከጠፋ መልሶ የሚሠራ ኮንትራክተር የለውምና።

ከተማዋ እና የዐባይ መውጫ

ባሕር ዳር ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ መንገድ ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ፣ ከጎንደር ደግሞ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። በአውሮፕላን ከአዲስ አበባ አንድ ሰዓት ያህል ይፈጃል። ዛሬ በዘንባባ የተዋቡት ሰፋፊ ጎዳናዎቿ በ1950ዎቹ በጀርመን ባለሙያዎች ከተዘጋጀው የከተማ ፕላን ጋር ይያያዛሉ። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው እና በሶቪየት ኅብረት ድጋፍ የተከፈተው የፖሊ ቴክኒክ ተቋምም የዚያው ዘመን ውጤቶች ናቸው፤ የኋለኛው ለዛሬው ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ መሠረት ሆኗል። ከተማዋ እ.ኤ.አ. በ2002 የዩኔስኮን የሰላም ከተሞች ሽልማት ተቀብላለች።

የከተማ ውስጥ ጉብኝት ከሐይቁ ዳር የእግር መንገድ ቢጀምር መልካም ነው። ማለዳ ላይ ከደንገል የተሠሩ ታንኳዎች ዓሣ፣ እንጨት እና ሰው ጭነው በውኃው ላይ ሲመላለሱ ይታያሉ። ደንገል በሐይቁ ዳር የሚበቅል ረጅም ተክል ነው። ታጭዶ ይደርቃል፤ ታስሮም ታንኳ ይሆናል። ውኃ እየጠጣ ስለሚከብድ ታንኳው ከወራት በላይ አያገለግልም፤ ስለዚህ ሥራው ዓመቱን ሙሉ አይቋረጥም። በዚህ ሙያ በተለይ የሚታወቀው የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ ነው። ደንገሉ በተመናመነ ቁጥር አብሮ የሚመናመነው ይህ ጥበብ ነው።

ከመሐል ከተማው የባሕር ዳር ቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ጥንታዊ የድንጋይ ግንብ ይገኛል። ወደ ምሥራቅ ሲወጣ ዐባይ ከጣና የሚለይበት ሥፍራ ይመጣል። በዚያ 380 ሜትር ርዝመት እና 43 ሜትር ስፋት ያለው አዲሱ የዐባይ ድልድይ በግንቦት 2016 ዓ.ም ተመርቆ ለአገልግሎት በቅቷል። በወንዙ ዳር የሰማዕታት ሐውልት ቆሟል። ከዚያ አለፍ ሲል የቤዛዊት ተራራ ይታያል። በአናቱ ላይ የዐፄ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት አለ፤ ከተራራውም ሐይቁ፣ ከተማው እና ወደ ደቡብ የሚጠማዘዘው ዐባይ በአንድ እይታ ይገባሉ። ለዚህ ሥፍራ የሚስማማው ሰዓት ፀሐይ ልትጠልቅ ስትቃረብ ነው።

በዚሁ የወንዝ ክፍል ጉማሬ ይታያል። ለጎብኚው ጉማሬ ፎቶ የሚነሣ ብርቅ እንስሳ ነው። በወንዙ ዳር ለሚያርሰው ገበሬ ግን ሌሊት ከውኃ ወጥቶ ሰብል የሚግጥ ባለጋራ ነው። ስለዚህ ጉማሬን ከጀልባ ሆኖ በርቀት ማየት እንጂ መጠጋት አይገባም፤ ሲመሽም በወንዙ ዳር በእግር መጓዝ አደገኛ ነው።

የጣና ደሴቶች እና ገዳማት

ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ የሚገኝ፣ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት ያለው የኢትዮጵያ ትልቁ ሐይቅ ነው። ስፋቱ ይህን ያህል ቢሆንም ጥልቀቱ ጥቂት ነው፤ እጅግ ጥልቅ በሚባለው ቦታ እንኳ ከ15 ሜትር ብዙም አይበልጥም። ግልገል ዐባይ፣ ጉማራ፣ ርብ እና መገጭ ዋና ዋና ገባሮቹ ናቸው። በ2007 ዓ.ም ዩኔስኮ ጣናን እና አካባቢውን በዓለም የባዮስፌር ሪዘርቭነት መዝግቧል። በሐይቁ 37 ደሴቶች እንዳሉ ይነገራል።

ለባሕር ዳር ከሚቀርቡት ደብረ ማርያም አንዷ ናት። የምትገኘው ዐባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አቅራቢያ ሲሆን፣ ጊዜ ያጠረው እንግዳ በግማሽ ቀን ደርሶ ይመለሳል። ክብራን ገብርኤል እና እንጦንስ ጎን ለጎን የተቀመጡ ደሴቶች ናቸው። ክብራን የወንዶች ገዳም በመሆኑ ሴቶች አይገቡበትም፤ እንጦንስ ግን የሴት መነኮሳይያት ገዳም ነው።

ሩቆቹ ደሴቶች ሙሉ ቀን ይጠይቃሉ። በደቅ ደሴት የሚገኘው ናርጋ ሥላሴ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በእቴጌ ምንትዋብ የተሠራ ነው። በግድግዳ ሥዕሎቹ መካከል እቴጌዪቱ ራሷ በእመቤታችን እግር ሥር ሰግዳ ትታያለች። ከደቅ አጠገብ ያለው ዳጋ እስጢፋኖስ የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብን እና የዐፄ ፋሲልን ጨምሮ የበርካታ ነገሥታት አፅም ያረፈበት ገዳም ነው፤ ይህም ለሴቶች ዝግ ነው። ጣና ቂርቆስ ደግሞ እንደ ቤተ ክርስቲያን ትውፊት ታቦተ ጽዮን ወደ አክሱም ከመግባቷ በፊት ለዘመናት ያረፈችበት ሥፍራ ነው።

ዘጌ፦ በሬ የማይጠመድባት ምድር

አንድ ቀን ብቻ ላለው እንግዳ ምርጫው ዘጌ ቢሆን አይቆጭም። የዘጌ ባሕረ ገብ መሬት ከባሕር ዳር በሞተር ጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ይርቃል፤ በየብስም ይደረሳል። ከገዳማቱ መካከል ዑራ ኪዳነ ምሕረት፣ አዝዋ ማርያም፣ በትረ ማርያም እና መሐል ዘጌ ጊዮርጊስ ይገኙበታል። ዑራ ኪዳነ ምሕረት ክብ ቤተ ክርስቲያን ነው። በቅኔ ማኅሌት፣ በቅድስት እና በመቅደስ ተከፍሎ ተሠርቷል። የመቅደሱ ዙሪያ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች በሥዕል የተሸፈነ ነው። የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ፣ የቅዱሳን ገድል እና የተአምረ ማርያም ታሪኮች በተርታ ተሥለውበታል፤ ማንበብ ለማይችለው ምእመን ግድግዳው መጽሐፍ ሆኖት ኖሯል። በገዳሙ ዕቃ ቤት የነገሥታት ዘውዶች እና የብራና መጻሕፍት ይታያሉ።

ገበሬ የሆነ ጎብኚን ግን ከሥዕሉ እኩል የሚያስገርመው ደኑ ነው። በትውፊቱ መሠረት አቡነ በትረ ማርያም የዘጌን ሰው በበሬ እንዳያርስ እና ከብት እንዳያረባ አዝዘዋል፤ በምትኩም ቡና፣ ጌሾ እና ሎሚ ተሰጥቶታል። ሕዝቡ ይህን ቃል ለዘመናት ጠብቋል። በጣና ዙሪያ ያለው ደን ለእርሻ እና ለግጦሽ ሲመነጠር ዘጌ አረንጓዴ ሆና የቀረችው በዚህ ምክንያት ነው። ቡናው በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ይበቅላል፤ የሚኖርበት ሰውም ጥላውን ለመጠበቅ ዛፉን ይንከባከባል። ጎብኚው የዘጌን ቡና በዚያው ከዘጌ ሰው ቢገዛ፣ ደኑን ለጠበቀው እጅ ዋጋውን ከፈለ ማለት ነው።

ጢስ ዐባይ፦ ፏፏቴው እና የውኃው ድልድል

ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ የሚገኘው የጢስ ዐባይ ፏፏቴ ከ40 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ሲሆን፣ ክረምት ላይ ስፋቱ እስከ 400 ሜትር ይደርሳል። ከርቀት የሚታየው የውኃ ብናኝ ጢስ ስለሚመስል ስሙን ከዚሁ አግኝቷል። ወደ ፏፏቴው በሚወስደው የእግር መንገድ ላይ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን የተሠራው የአላታ የድንጋይ ድልድይ ይገኛል። ድልድዩን የአካባቢው ገበሬ እስከ ዛሬ ይሻገርበታል።

ብዙ እንግዶች ግን በበጋ መጥተው ሲያዝኑ ይታያሉ፤ በሥዕል ያዩት ግዙፍ ፏፏቴ ቀጥኖ ይጠብቃቸዋልና። ምክንያቱ የዝናብ ማነስ ብቻ አይደለም። በሥፍራው በ1956 ዓ.ም የመጀመሪያው፣ በ1993 ዓ.ም ደግሞ ሁለተኛው የጢስ ዐባይ ኃይል ማመንጫ ሥራ ጀምረዋል። ለተርባይኖቹ የሚሆነው ውኃ ከፏፏቴው በላይ ተጠልፎ ይወሰዳል። ዐባይ ከጣና በሚወጣበት ላይ የተሠራው የጨረጨራ ግድብም የሐይቁን ፍሰት ይቆጣጠራል። ቡርጅ ኸሊፋ በተመረቀበት በዚያው በ2002 ዓ.ም፣ 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የጣና በለስ ፕሮጀክት ተመርቋል። ይህ ፕሮጀክት የጣናን ውኃ በዋሻ ወስዶ ወደ በለስ ወንዝ ስለሚለቅ፣ ያ ውኃ በፏፏቴው አያልፍም።

እንግዲህ አንዱ ውኃ መብራትም፣ መስኖም፣ ዓሣም፣ ፏፏቴም እንዲሆን ይፈለጋል። ለአንዱ የተጨመረው ከሌላው የሚቀነስ ነው። የከተማው ቤት መብራቱን ይሻል። በጢስ ዐባይ ከተማ ቡና አፍልታ፣ ጨርቅ ዘርግታ ወይም እንግዳ መርታ የምትኖረው ወጣት ደግሞ የምትጠብቀው ፏፏቴውን ነው። ይህን የተረዳ አስጎብኚ እንግዳውን አስቀድሞ ያስጠነቅቃል። ፏፏቴው ሙሉ ሆኖ የሚታየው ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ነው። መስከረም ላይ ከሆነ መንገዱ በአደይ አበባ የተሞላ ነው።

በሐይቁ ዙሪያ

ሦስተኛ ቀን ያለው እንግዳ ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ወደ ፎገራ ቢዘልቅ ሌላ ዓይነት ሀብት ያያል። ፎገራ በሩዝ ምርቱ እና በስሙ በሚጠራው የከብት ዝርያ ይታወቃል። በዚያው ወረዳ የምትገኘው አውራምባ በዙምራ ኑሩ መሪነት የተመሠረተች ማኅበረሰብ ናት። ወንድ እና ሴት ሥራን ሳይለዩ የሚሠሩባት፣ አረጋውያን በጋራ የሚጦሩባት እና በሽመና ሥራዋ የምትታወቅ መንደር ናት። በሐይቁ ሰሜናዊ ዳርቻ ደግሞ ጎርጎራ አለች። የደብረ ሲና ማርያም ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን እና በገበታ ለሀገር የተገነባው መዝናኛ በዚያ ይገኛሉ።

በዓል ለሚወድ እንግዳ ጥር የተመረጠ ወር ነው። ከጥር 11 የጥምቀት በዓል ጀምሮ በከተማዋ እና በደሴቶቹ በዓላት ይከታተላሉ፤ ከተማዋም እንግዶቿን «ጥርን በባሕር ዳር» ብላ ትጋብዛለች።

እምቦጭ፦ በመስህቡ ላይ የመጣው አደጋ

ከ2004 ዓ.ም ገደማ ጀምሮ የጣና ሰሜን ምሥራቃዊ ዳርቻ እምቦጭ በተባለ መጤ አረም ተወርሯል። አረሙ በውኃ ላይ እንደ ምንጣፍ ይዘረጋል። የዓሣ አስጋሪውን መረብ ይይዛል፤ የጀልባን መንገድ ይዘጋል፤ ውኃ ሲሸሽ የሚታረሰውን እና የሚጋጠውን መሬትም ይሸፍናል። በጣና ብቻ የሚገኙ የነጭ ዓሣ ዝርያዎች መኖሪያቸው በዚሁ ሐይቅ ነው። ገበያ ላይ የሚታወቁት ቆሮሶ እና አምባዛም እንዲሁ በሐይቁ ጤና ላይ የተመሠረቱ ናቸው።

የዳርቻው አርሶ አደሮች በዘመቻ ደረታቸው እስኪደርስ ውኃ ውስጥ ገብተው አረሙን በእጃቸው ነቅለዋል። ይሁን እንጂ የተነቀለው በፍጥነት ይተካል። ከተራራ በጎርፍ የሚወርደው አፈር እና ከእርሻ የሚታጠበው ማዳበሪያ፣ ከከተማም የሚለቀቀው ፍሳሽ አረሙን ይመግቡታል። ስለዚህ በተፋሰሱ ውስጥ እርከን የሠራ ገበሬም፣ የቤቱን ፍሳሽ ወደ ሐይቁ ያላፈሰሰ የከተማ ነዋሪም ጣናን እየጠበቁ ነው።

ለእንግዳው እና ለተቀባዩ

ወደ ደሴት የሚሄድ ሰው በማለዳ ቢነሣ ይመረጣል፤ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሣል፣ ማዕበሉም ይበረታል። ዋጋውን ከመሣፈር በፊት መነጋገር፣ የመንሳፈፊያ ሰደርያ መኖሩንም ማረጋገጥ ያስፈልጋል። በገዳማት ጫማ ይወልቃል፤ ሴቶች ነጠላ ቢይዙ መልካም ነው። ሥዕሎቹን በእጅ መንካት እና በፍላሽ ብርሃን ማንሣት ቀለሙን ይጎዳል። መነኮሳትን ፎቶ ከማንሣት በፊት ፈቃድ መጠየቅ የሀገሩ ሥርዓት ነው። በሐይቁ ዳርቻ ብልሃርዝያ ስላለ ባዶ እግርን በውኃው ውስጥ ማመላለስ አይመከርም።

ተቀባዩም ድርሻ አለው። እንግዳ አንድ ቀን ብቻ አድሮ ሲሄድ የሚጠቀሙት ባለ ጀልባው እና ባለ ሆቴሉ ናቸው። ሦስት ቀን ከቆየ ግን የዘጌ ቡና፣ የፎገራ ሩዝ እና የአውራምባ ጋቢ ይሸጣሉ፤ ዶሮ እና እንቁላል ይዞ ቅዳሜ ገበያ ለሚወርደው ገበሬም ገዢ ይበረክታል። እንግዳው አንድ ቀን እንዲጨምር የሚያደርገው ደግሞ ተጋንኖ የተነገረው ዋጋ ሳይሆን፣ የመጀመሪያው ቀን አቀባበል ነው።