በሽቦ የታሰረው የሳር ማጨጃ እጀታ

ከሦስት ዓመት በፊት ከናይሮቢ ስድስት ያገለገሉ የቤንዚን ሳር ማጨጃዎች ገዝቼ በሞያሌ በኩል አስገባሁ። እነዚያ ከኋላ እየተገፉ የሚያጭዱት ማለቴ ነው። ከስድስቱ በአንዱ ላይ፣ ከመግፊያው ጋር በእጅ ተጨብጣ የምትያዘዋ ቀጭን ብረት በሽቦ ታስራ ነበር። የጠገነውን ፉንዲ ለምን እንደታሰረች ጠየቅሁት። ኬብሉ ተበጥሷል፣ አዲሱ 1,500 ሺሊንግ ነው፣ ማሰሩ ግን በነፃ ነው አለኝ። «ሃኩና ሺዳ ማማ» ብሎ ሞተሩን አስነስቶ አሳየኝ። እኔም ከዋጋው ትንሽ አስቀንሼ ወሰድኩት። ጥሩ ገበያ መስሎኝ ነበር።

ያንን ማሽን ሐዋሳ ላለ አንድ የእንግዳ ማረፊያ ሸጥኩት። ክረምት ላይ የግቢው አትክልተኛ፣ ስድሳ ዓመት ያለፋቸው አባት፣ እርጥብ ተዳፋት ላይ ሲያጭዱ አንሸራተታቸው። እጃቸው ማሽኑን ለቀቀ፤ ማሽኑ ግን አልቆመም። ያደረጉት ኮንጎ ጫማ ነበር። የግራ እግራቸውን ሁለት ጣቶች አጡ።

ሆስፒታል ልጠይቃቸው ስሄድ አልተቆጡኝም። «ልጄ፣ ያቺ ብረት ለምንድን ነበረች?» ብቻ አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። የንግድ ሥራ ዲፕሎማ አለኝ፤ የመግዣውን፣ የጭነቱንና የቀረጡን ደምሬ ትርፌን ማውጣት አያቅተኝም። የምሸጠው ዕቃ ላይ ያለች አንዲት ብረት ለምን እንደተሠራች ግን ጠይቄ አላውቅም። ከዚያ ወዲህ ፈልጌ ያገኘሁትን ነው እዚህ የምጽፈው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ የሚጀምረው ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ነው። በእንግሊዝ አገር ግሎስተርሺር ውስጥ ስትራውድ የምትባል ከተማ አለች፤ አካባቢዋ በሱፍ ጨርቅ የታወቀ ነበር። የሱፍ ጨርቅ ተሸምኖ ሲወጣ ፊቱ ፀጉራም ስለሆነ እኩል አድርጎ የሚላጭ ማሽን ነበራቸው፤ በሚዞር ከበሮ ዙሪያ ምላጮች የተጠመዘዙበት። ኤድዊን በዲንግ የሚባል መካኒክ የሱፍ ፀጉር የሚላጨው ነገር ሳርም ይላጫል ብሎ አሰበ፤ በ1830ም የፈጠራ መብቱን አገኘ። ከዚያ በፊት የትልልቅ ሰዎች ግቢ የሚታጨደው በረጅም ማጭድ ነበር፤ ማጭዱ እርጥብ ሳር ላይ ስለሚሻል አጫጆቹ ጤዛው ሳይደርቅ በማለዳ ይወጡ ነበር።

ገንዘቡን ያወጣው ሸሪኩ ጆን ፌራቢ ነው። በምትኩ ማሽኑን የማምረት፣ የመሸጥና ለሌሎች ፈቃድ የመስጠት መብት ወሰደ። በ1832 በኢፕስዊች ከተማ ያለው የራንሶምስ ፋብሪካ በፈቃድ ማምረት ጀመረ። ሽርክና እንዲህ ነው፤ ማን ምን አወጣ፣ ማን ምን ወሰደ ተለይቶ የተጻፈ። እኛ ስንቱን በቃል ተስማምተን በቃል ተጣልተናል።

የመጀመሪያዎቹ ማሽኖች ከባድ ብረት ነበሩ፤ አንዱ ከኋላ ሲገፋ ሌላው ከፊት ይጎትት ነበር። በኋላ ፈረስ የሚጎትታቸው መጡ፤ ኮቴው ሜዳውን እንዳይቆፍር ለፈረሱ የቆዳ ጫማ ያጠልቁለት ነበር። እኛ ሳር የምናጭደው ለከብት ወይም ቤት ውስጥ ለመጎዝጎዝ ነው፤ እነሱ የሚያጭዱት ቆሞ የቀረው እንዲያምር ነው። ይህ ልማድ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ከቅኝ ገዢዎቹ ጋር መጣ። ናይሮቢ በ1899 የባቡር ሠራተኞች ሰፈር ሆና ተቆረቆረች፤ በ1906 የጎልፍ ክለብ ነበራት።

ሞተር የተጨመረበት በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ነው። ራንሶምስ በ1902 የቤንዚን ማጨጃ ለገበያ አወጣ፤ እሱ ግን ለትልልቅ ሜዳ እንጂ ለሰው ግቢ የሚሆን አልነበረም። በ1919 ደግሞ ኤድዊን ጆርጅ የሚባል አሜሪካዊ ኮሎኔል የሚስቱን ልብስ ማጠቢያ ሞተር ነቅሎ ማጨጃ ላይ እንደገጠመው ይነገራል። ሚስትየው ምን እንዳለች የሚናገር ግን አላገኘሁም።

ዛሬ የምንነግድበት ዓይነት በሰፊው የታወቀው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። አውስትራሊያ ውስጥ መርቪን ቪክተር ሪቻርድሰን በ1952 ሲድኒ ባለው ቤቱ ጋራዥ ውስጥ አንድ ማሽን ሠራ፤ የቤንዚን ታንከሩ የኮክ ቆርቆሮ ነበር። ቪክታ የሚለውን ስም ያወጣለት ከራሱ ስም ነው። እዚያ አገር በየግቢው ከሚበቅሉት ሳሮች አንዱ ኪኩዩ ሳር መሆኑ ገርሞኛል፤ ስሙን ከኬንያ ኪኩዩዎች ያገኘው፣ በእኛም ደጋ የሚበቅለው ያው ሳር ነው። ሳሩ ከእኛ አካባቢ ሄደ፤ ማሽኑ ወደ እኛ መጣ።

የበዲንግ ማሽን እንደ መቀስ ነው፤ የሚዞረው ምላጭ ከቋሚው ምላጭ ጋር እየተፋጨ ሳሩን ይቆርጣል። የሪቻርድሰን ዓይነቱ ግን ይመታል። በናይሮቢ መንገድ ዳር ስላሸር የሚያወዛውዙትን ሰዎች አይታችኋል፤ ያንኑ ስላሸር ከቆርቆሮ ክዳን ሥር አግድም አስተኝታችሁ በደቂቃ 3,000 ጊዜ ብታዞሩት ነው። 53 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ምላጭ በዚህ ፍጥነት ሲዞር ጫፉ በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል። ራሴ አስልቼ ስጨርስ እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ።

በአሜሪካ በእነዚህ ማሽኖች የሚጎዳው ሰው ስለበዛ የሸማቾች ደኅንነት ኮሚሽን ደንብ አወጣ። ከ1982 አጋማሽ ጀምሮ ለቤት አገልግሎት የሚመረት ከኋላ የሚገፋ ማጨጃ ሁሉ፣ ሰው እጁን ከመያዣው ባነሣ በ3 ሰከንድ ውስጥ ምላጩ መቆም አለበት። ያቺ ብረት ይህች ናት። ስትጨበጥ ኬብሉ ፍሬኑን ያላቅቃል፤ ስትለቀቅ ፍሬኑ ይይዛል።

ታዲያ ሰው ለምን ያስራታል? ደንቡ ሲወጣ ሁለት መንገድ ነበረ። አንደኛው ምላጩን ብቻ የሚያቆም ነው፤ ሞተሩ መሥራቱን ይቀጥላል፤ ዋጋው ግን ይወደዳል። ሁለተኛው ርካሹ ነው፤ ሞተሩ ራሱ ይጠፋል፤ እንደገና ገመድ ስቦ ማስነሳት የሠራተኛው ዕዳ ነው። የአሜሪካ ምክር ቤት በ1981 ይህን ሁለተኛውን መንገድ ፈቀደ፤ ገበያውንም የሞላው እሱ ነው። የሳሩን ከረጢት ለማራገፍ ወይም ድንጋይ ለማንሳት በለቀቀ ቁጥር አሥር ጊዜ ገመድ የሚስብ ሰው፣ ያውም በቀላሉ የማይነሳ አሮጌ ሞተር ይዞ፣ ሽቦ ቢያነሳ አይገርመኝም። ስለዚህ ጥፋቱን በአትክልተኛውም ሆነ በፉንዲው ላይ ብቻ አላሳብብም። ሽቦውን አይቼ የሸጥኩት እኔ ነኝ። ደግሞም ሞተሩ በአንድ ስበት የሚነሳ ቢሆን ኖሮ ማንም ባላሰራት፤ ጥገናውን ያጠናሁት ለዚህ ነው።

ከቀሩት አምስት ማሽኖች ሁለቱ ጭራሽ አልነሱም ነበር፤ ተታለልኩ ብዬ ስማረር ከረምኩ። ለካ ካርቡሬተር ውስጥ የቀረ አሮጌ ቤንዚን ነው። ቤንዚን ከወር ከሁለት ወር በላይ ሲቀመጥ መበላሸት ይጀምራል፤ ሲቆይ እንደ ሙጫ ይሆንና መርፌ የማታስገባውን ቀዳዳ ይደፍናል። ኢታኖል የተቀላቀለበት ከሆነ ደግሞ ከአየር ውኃ ይስባል። እኛም አገር በ2008 አዲስ አበባ ላይ ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ የሚመጣ ኢታኖል ከቤንዚን ጋር መቀላቀል ተጀምሮ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። በጋ ሲገባ ማሽኑ ከመቀመጡ በፊት ቤንዚኑን መቅዳት፣ የቀረውንም ሞተሩ ራሱ እስኪጠፋ አሠርቶ መጨረስ ነው። ወጪው ዜሮ ነው።

ሦስተኛው አዲስ አበባ ሄዶ ጥቁር ጭስ አጨሰ፤ ካንዴላው በጥላሸት ተሞላ። ለባሕር ጠረፍ አየር የተስተካከለ ካርቡሬተር 2,300 ሜትር ላይ ሲወጣ የሚያገኘው አየር በሩብ ገደማ ይሳሳል፤ የሚረጨው ቤንዚን ግን ያው ነው። መፍትሔው ቤንዚን የሚያሳልፈውን ትንሽ ክፍል ቀዳዳው በጠበበ መለወጥ ነው። ሁሉም ሱቅ የለውም። ጉልበቱ ግን ምንም ቢደረግ እንደ ሞምባሳ አይሆንም፤ ለደንበኛ ቀድማችሁ ንገሩ።

ዘይት ላይ አትቆጥቡ። እነዚህ ሞተሮች የሚይዙት ግማሽ ሊትር ወይም ትንሽ አለፍ ያለ ነው፤ ከትንሽ ዘይት ላይ ሩቡ ሲጎድል ብዙ ነው። ምላጩን ለማየት ስታጋድሉት የአየር ማጣሪያው ወደ ላይ ይሁን፤ አለዚያ ዘይቱ ማጣሪያውን ያበላሸዋል። ከዚያም በፊት የካንዴላውን ገመድ ንቀሉ። ሞተሩ ጠፍቶ እንኳ ምላጩን በእጅ ማዞር ሊያስነሳው ይችላል።

የሐዋሳውን ማሽን መልሼ ወሰድኩ፤ ገንዘቡን መለስኩ፤ የሕክምናውንም ከፈልኩ። የእግሩ ግን የሚከፈል አይደለም። አባባን ባለፈው ሰኔ አገኘኋቸው፤ ያው ግቢ ውስጥ ናቸው፤ ከፊቱ የተደፈነ ቦቲ ጫማ አድርገዋል። ስለ ብረቷ ይህን ሁሉ ነገርኳቸው። «ሦስት ሰከንድ» አሉና አዲሱን ማሽን አስነስተው ለቀቁት፤ ጮክ ብለው ቆጠሩ። ሁለት ላይ ቆመ።

አሁን ያገለገለ ማሽን ስገዛ ሻጩ ፊት እንዲሁ አደርጋለሁ፤ ከሦስት ካለፈ የፍሬኑ ሸራ አልቋል ማለት ነው፤ ወይ ይቀየራል ወይ ጥዬ እሄዳለሁ። ኬብልም በቦርሳዬ እይዛለሁ። ርዝመቱ ከማሽን ማሽን ስለሚለያይ አሮጌውን ሳትለኩ አትግዙ። ሞያሌ ላይ በችርቻሮ አላገኘሁም፤ ከናይሮቢ ነው የማመጣው። ካምፓላ ወይም ሐርጌሳ የሚሸጥበት ሱቅ የምታውቁ ካላችሁ ጻፉልኝ፤ ዋጋውንም ጨምሩበት።