የአካል ጉዳት ድጎማ ልየታ ስህተት (ጅቡቲ ከተማ)
ድጋፍ የሚገባው ሰው ከዝርዝሩ ሲቀር የማግለል ስህተት፣ የማይገባው ሲገባበት ደግሞ የማካተት ስህተት ይባላል። መንግሥታት አጥብቀው የሚቆጣጠሩት ሁለተኛውን ነው፤ ከባዱ ጉዳት ያለው ግን በመጀመሪያው ነው። አላግባብ የተከፈለ ገንዘብ ሊመለስ ይችላል፤ ያለ ሕክምና ያለፈ የልጅነት ዓመት አይመለስም።

ጅቡቲ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2012 አጽድቃለች፤ ብሔራዊ የአካል ጉዳተኞች ኤጀንሲም በ2018 አቋቁማለች። ባልባላን በመሰሉ የዋና ከተማዋ ሰፈሮች ለሚኖሩ ድሃ ቤተሰቦች የሚሰጠው የጥሬ ገንዘብ ድጋፍ ግን የሚመራው የድሃ ቤተሰቦች መረጃ በሚያዝበት ማኅበራዊ መዝገብ ነው። መዝገቡ ድህነትን የሚገምተው የቤተሰቡን ኑሮና ንብረት አይቶ በሚያወጣው ነጥብ ነው። እንዲህ ያለ ስሌት የቤቱን ጣሪያ ያያል እንጂ ለተሽከርካሪ ወንበር፣ ለመድኃኒትና ለታክሲ የሚወጣውን ወጪ በቀላሉ አያይም። በዚህም አካል ጉዳተኛ ያለበት ቤት ከእውነተኛው ኑሮው የተሻለ መስሎ ሊመዘገብ ይችላል።

መዝጋቢው «አካል ጉዳተኛ አለ?» ብሎ ብቻ ከጠየቀ፣ ብዙ ቤተሰብ ነውር ፈርቶ ይደብቃል። የአካል ጉዳት ስታቲስቲክስን የሚመለከተው የዋሽንግተን ቡድን አጭር መጠይቅ በዚህ ፈንታ በማየት፣ በመስማት፣ በመራመድ፣ በማስታወስ፣ ራስን በመንከባከብና በመግባባት ረገድ ስላለ ችግር ይጠይቃል።