የስፒናው ክርክር
የፈጣን ባትሪ መሙያ መረቦች ለሁሉም ዓይነት መኪና የተከፈቱበት ታሪክ

በቤንዚን የሚሄድ መኪና ያለው ሰው ከማደያ ሲደርስ መኪናው የየትኛው ፋብሪካ ሥራ መሆኑን የሚጠይቀው የለም። የነዳጁን ዓይነት ይናገራል፣ ያስቀዳል፣ ሒሳቡን ከፍሎ ይሄዳል። የኤሌክትሪክ መኪና በመንገድ ላይ መታየት ከጀመረ ወዲህ ግን ይህ ቀላል የሚመስል ነገር ሠላሳ ዓመት ያህል ብዙ መሐንዲሶችን፣ ነጋዴዎችንና ሕግ አውጪዎችን ሲያከራክር ቆይቷል። አንድ ፋብሪካ ያቆመውን የባትሪ መሙያ ጣቢያ የሌላ ፋብሪካ መኪና ይጠቀምበታል ወይስ አይጠቀምበትም የሚለው ጥያቄ ላይ ላዩን ሲታይ የስፒናና የሶኬት ጉዳይ ይመስላል፤ ጠልቆ ለተመለከተው ግን መንገዱ የማን ነው የሚል ጥያቄ ነው። ከዚህ በታች የተመለከቱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ክርክሩ ለምን እንደተነሣ ለመረዳት በመጀመሪያ የሥራውን ጠባይ መመልከት ያስፈልጋል። ከቤት ግድግዳ የሚገኘው ተለዋዋጭ ጅረት ወደ መኪናው ሲገባ፣ በመኪናው ውስጥ ያለ መለወጫ ወደ ቀጥታ ጅረት ይለውጠውና ባትሪው ቀስ በቀስ ይሞላል። በዚህ አኳኋን ሌሊቱን ሙሉ መጠበቅ ግድ ይሆናል። በፈጣን አሞላል ግን ከባዱ መለወጫ ከመኪናው ወጥቶ በጣቢያው ይተከላል፤ ጅረቱም በቀጥታ ወደ ባትሪው ይዘልቃል። በዚህ ጊዜ ጣቢያው የባትሪውን ሁኔታ በራሱ ሊያውቅ ስለማይችል ምን ያህል ቮልትና ምን ያህል አምፔር እንደሚፈቀድ መኪናው በየቅጽበቱ ሊነግረው ይገባል። ስለሆነም አንድ ጣቢያ ለሁሉም እንዲያገለግል ሦስት ነገሮች መስማማት አለባቸው፤ የስፒናው ቅርጽ፣ መኪናውና ጣቢያው የሚነጋገሩበት ቋንቋ፣ እንዲሁም የሒሳብ አከፋፈሉ። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ የሁለቱ መኖር ብቻውን ፋይዳ የለውም።

የመጀመሪያው ትምህርት የተገኘው በካሊፎርኒያ ነው። የግዛቱ የአየር ሀብት ቦርድ በ1990 ያወጣው ደንብ ታላላቆቹን ፋብሪካዎች ጭስ የማያወጣ መኪና እንዲያቀርቡ ስላስገደዳቸው፣ በዚያው አሥር ዓመት ውስጥ ልዩ ልዩ የኤሌክትሪክ መኪናዎች ለአገልግሎት ቀረቡ። ነገር ግን ጄኔራል ሞተርስ ኢ.ቪ.1 ለተባለው መኪናው የመረጠው መሙያ ብረት ከብረት ሳይነካካ በመግነጢስ ኃይል የሚያስተላልፍ ጠፍጣፋ መቅዘፊያ መሳይ መሣሪያ ነበር። ፎርድና ሆንዳ በበኩላቸው ብረት ከብረት የሚገናኝበትን ስፒና መረጡ። ከዚህም የተነሣ በአንድ የገበያ አዳራሽ ደጃፍ ሁለት ዓይነት መሙያ ጎን ለጎን ይተከል ጀመር፤ ለአንደኛው የመጣ እንግዳ በሁለተኛው ሊገለገል አይችልም ነበር። ቦርዱ በ2001 ብረት ነክ ለሆነው ስፒና ፈረደ። በማግስቱ ዓመት ጄኔራል ሞተርስ የራሱን መሙያ መደገፉን አቆመ። ለሌላኛው ዓይነት የተተከለው መሣሪያ ሁሉ በአንድ ውሳኔ ዋጋ አጣ።

ይህ ሁሉ ሆኖ ሳለ ፈጣን አሞላል ሲመጣ ያው ታሪክ በሰፊው ተደገመ። በ2010 የጃፓን መኪና ፋብሪካዎችና የቶኪዮ የኤሌክትሪክ ኃይል ኩባንያ ቻዴሞ የተባለውን ማኅበር መሠረቱ። ስሙ በጃፓንኛ «ሻይ ቢጠጡስ» የሚለውን ግብዣ እንዲያስታውስ ሆኖ የተቀናበረ ነው፤ ባትሪው የሚሞላበት ጊዜ ከአንድ ሻይ መጠጫ አይበልጥም ለማለት ነው። በ2012 ደግሞ ስምንት የአሜሪካና የጀርመን ፋብሪካዎች ኮምቦ የተባለውን፣ ተለዋዋጩንና ቀጥታውን ጅረት በአንድ ሶኬት የሚያስተናግደውን ስልት ይፋ አደረጉ። በዚያው ዓመት ቴስላ በካሊፎርኒያ ስድስት ጣቢያዎችን በመክፈት የራሱን መረብ ጀመረ፤ ስፒናውም የራሱ ብቻ ነበር። ቻይና በ2011 ያወጣችውንና በ2015 ያሻሻለችውን የመንግሥት ስታንዳርድ ይዛ በራሷ መንገድ ተጓዘች። ዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን በ2014 የፈጣን መሙያ ስታንዳርድ ሲያወጣ እነዚህን ከማስታረቅ ይልቅ የጃፓኑን፣ የቻይናውንና ሁለቱን የኮምቦ ዓይነቶች በአንድ ሰነድ ውስጥ ዘርዝሮ አጸደቀ። አንድ ስታንዳርድ፣ አራት ቅርጽ ማለት ነው።

የቅርጹ ልዩነት ብቻ ቢሆን ኖሮ በአዳፕተር በተቻለ ነበር። ቻዴሞና የቻይናው ስልት መኪናው በውስጡ የሚጠቀምበትን የመልእክት መስመር ወደ ጣቢያው አውጥተው ሲነጋገሩበት፣ ኮምቦ መልእክቱን በመቆጣጠሪያው ሽቦ ላይ በከፍተኛ ድግግሞሽ ይልካል። ስለሆነም ከአንዱ ወደ ሌላው መሸጋገር አስተርጓሚ የሚሆን ኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ይጠይቅ ነበር።

ከዚህ መለያየት ለመውጣት አውሮፓ የሕግን መንገድ መረጠች። የአውሮፓ ኅብረት በ2014 ባወጣው መመሪያ ከኅዳር 2017 ጀምሮ የሚተከል ማንኛውም የሕዝብ ፈጣን መሙያ ኮምቦ ሁለት የተባለውን ስፒና እንዲይዝ ደነገገ። ሌላ ዓይነት መጨመር አልተከለከለም፤ ያለ ኮምቦ መትከል ግን ተከለከለ። በዚያው በ2017 ቢ.ኤም.ደብልዩ፣ ዳይምለር፣ ፎርድና የፎልክስቫገን ቡድን በገበያ የሚፎካከሩ ሲሆኑ አዮኒቲ የተባለውን የጋራ ኩባንያ አቋቁመው በአውራ ጎዳናዎች ላይ ለሁሉም የሚያገለግሉ ጣቢያዎችን ያሠሩ ጀመር። ቴስላም በ2019 ሞዴል 3 የተባለውን መኪናውን ወደ አውሮፓ ሲያስገባ ኮምቦ ሁለትን ተቀበለ። ስፒናው አንድ ከሆነ በኋላ ጣቢያዎቹን ለሌሎች ለመክፈት የቀረው የሒሳብና የፈቃድ ጉዳይ ብቻ ነበርና፣ በኅዳር 2021 በኔዘርላንድስ አሥር ጣቢያዎቹን ለሌሎች መኪናዎች በሙከራ ከፈተ። በሚቀጥለውም ዓመት ወደ ሌሎች የአውሮፓ አገሮች ተስፋፋ።

አሜሪካ ግን በሌላ መንገድ ደረሰች። ፎልክስቫገን በዲዝል ሞተሮቹ የጭስ ልኬት ማጭበርበሩ በ2015 ከተጋለጠ በኋላ በስምምነቱ መሠረት ሁለት ቢሊዮን ዶላር በአሥር ዓመት ውስጥ ጭስ አልባ ለሆነ መጓጓዣ እንዲያውል ተገደደ፤ ከዚህም ኮምቦንና ቻዴሞን የሚያስተናግድ፣ ለአንድ ፋብሪካ ያልተወሰነ መረብ ተወለደ። ሆኖም በአገሪቱ ሰፊውና ይበልጥ የሚታመነው መረብ የቴስላ ሆኖ ቆየ። የኩባንያው ኃላፊ ኢሎን መስክ በ2014 የፈጠራ መብቶቹን በቅን ልቡና የሚጠቀምባቸውን እንደማይከስ ቢያስታውቅም፣ ታላላቆቹ ፋብሪካዎች የተፎካካሪያቸውን ስፒና በመኪናቸው ላይ ለመትከል አልፈቀዱም ነበር።

ሁኔታውን የለወጠው የሁለት ነገሮች መግጠም ነው። አንደኛው የመንግሥት ገንዘብ ሲሆን፣ በ2021 የወጣው የመሠረተ ልማት ሕግ ለአውራ ጎዳና መሙያዎች አምስት ቢሊዮን ዶላር መደበ። በየካቲት 2023 የወጣው የአፈጻጸም ደንብም ገንዘቡን የሚቀበል ጣቢያ ከአንድ ፋብሪካ መኪናዎች በላይ እንዲያገለግልና ከመቶ 97 እጅ ያህሉን ጊዜ በሥራ ላይ እንዲገኝ አዘዘ። በዚሁ ሰሞን ቴስላ እስከ 2024 መጨረሻ ቢያንስ 7,500 መሙያዎችን ለሌሎች መኪናዎች እንደሚከፍት ተገለጸ። ሁለተኛው ነገር ቴስላ በኅዳር 2022 የስፒናውን ንድፍ ማንም እንዲጠቀምበት በይፋ ማውጣቱ ነበር። በግንቦት 2023 ፎርድ፣ በሰኔ ጄኔራል ሞተርስ ስፒናውን ለመቀበል ተስማሙ፤ ከእነሱም በኋላ ሌሎቹ ተከታተሉ። ለፎርድ ደንበኞች ከ12,000 በላይ መሙያዎች እንደሚከፈቱላቸው ተነገረ፤ በሩም በየካቲት 2024 መጨረሻ ተከፈተ።

እዚህ ላይ ለሙያ ማኅበራት ልዩ ትርጉም ያለው አንድ እርምጃ አለ። የፎርድና የጄኔራል ሞተርስ ስምምነት ከንግድ ውል የሚያልፍ አልነበረም፤ የስፒናው ባለቤት አንድ ኩባንያ እስከሆነ ድረስ ነገ ንድፉን ቢለውጠው የሚከለክለው አልነበረም። የአውቶሞቲቭ መሐንዲሶች ማኅበር፣ በአጭሩ ኤስ.ኤ.ኢ.፣ በሰኔ 2023 ስፒናውን ወደ ስታንዳርድ ለመለወጥ ሥራ መጀመሩን አስታወቀና በታኅሣሥ ወር ጄ 3400 የተባለውን የመጀመሪያ ሰነድ አወጣ። ከዚህ በኋላ የስፒናው መጠን፣ ሙቀቱና ደኅንነቱ የሚወሰኑት ተፎካካሪዎች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ በሚቀመጡበት ጉባኤ ሆነ። የግል የነበረው ነገር የሕዝብ የሆነው ውሉ በተፈረመ ቀን ሳይሆን መሐንዲሶች ልኩን በጋራ ሰነድ ባሰፈሩ ጊዜ ነው ማለት ይቻላል።

በሩ መከፈቱ ግን የነገሩ ፍጻሜ አልሆነም። ለአንድ ፋብሪካ መኪና ብቻ ታስቦ የተሠራ ጣቢያ እንግዳ ሲቀበል ጉድለቱ ይገለጣል። የቴስላ መኪናዎች የመሙያ አፍ በግራ በኩል ከኋላ መብራት አጠገብ ስለሆነ የጣቢያዎቹ ገመድ አጭር ተደርጎ ነበር፤ አፉ በሌላ በኩል የሆነ መኪና ሲመጣ ገመዱን ለማድረስ የጎረቤቱን ቦታ ጭምር ይይዛል። እስከ 500 ቮልት ለሚደርስ ባትሪ የተሠራው መሙያም በ800 ቮልት ስልት የተሠሩትን መኪናዎች ከሚችሉት ባነሰ ፍጥነት ይሞላቸዋል። ከዚህ ሌላ በአንድ ባለቤት መረብ ላይ የመደገፍ ሥጋት አለ። በሚያዝያ 2024 መጨረሻ ቴስላ የመሙያ ክፍሉን ሠራተኞች በአንድ ጊዜ ባሰናበተ ጊዜ፣ መኪናቸውን በዚያ ስፒና ላይ የመሠረቱ ፋብሪካዎች ሁሉ በተፎካካሪያቸው የውስጥ ውሳኔ ላይ ምን ያህል እንደተንጠለጠሉ ተገነዘቡ።

በአከፋፈል ረገድም እንዲሁ ነው። በአውሮፓ ስፒናው አንድ ከሆነ በኋላ እንኳ መንገደኛው ለየኩባንያው የተለየ ካርድ ይዞ መዞር ነበረበት። በ2023 የወጣው ደንብ ከሚያዝያ 2024 ጀምሮ የሚተከል ማንኛውም 50 ኪሎ ዋትና ከዚያ በላይ የሆነ የሕዝብ መሙያ ተራውን የባንክ ካርድ እንዲቀበል በማዘዝ ይህንን አስተካከለ። የስፒናው ሕግ በ2014፣ የክፍያው ሕግ በ2023 መውጣቱ የትኛው ቋጠሮ ለመፍታት ይበልጥ እንዳስቸገረ ያመለክታል።

ይህ ታሪክ ኢትዮጵያን የሚመለከትበት ምክንያት ቀላል ነው። መንግሥት በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን አስታውቋል። ለቻይና ገበያ የተሠራ መኪና የቻይናን ሶኬት፣ ለአውሮፓ ገበያ የተሠራው ደግሞ ኮምቦ ሁለትን ይዞ ይመጣል። አምራች ያልሆነ አገር በፋብሪካዎች ፉክክር ውስጥ የሚከላከለው የራሱ ወገን የለውም፤ ይህም ጥቅምም ጉዳትም ነው። ጥቅሙ፣ የትኛውንም ስፒና ቢመርጥ ወይም ሁለቱን በአንድ ጣቢያ ላይ ቢያዝ የሚጎዳ የአገር ውስጥ ፋብሪካ አለመኖሩ ነው። ጉዳቱ ደግሞ ካልመረጠ ምርጫውን አስመጪው ነጋዴ የሚመርጥለት መሆኑ ነው።

ለዚህ ዓይነቱ ነገር የአካባቢው ታሪክ እንግዳ አይደለም። ከጂቡቲ አዲስ አበባ የደረሰው የባቡር ሐዲድ ስፋት 1,000 ሚሊ ሜትር፣ ከምጽዋ አስመራ የወጣው 950 ሚሊ ሜትር ነበር፤ በ2016 የተመረቀው አዲሱ የጂቡቲ መስመር ደግሞ 1,435 ሚሊ ሜትር ነው። እያንዳንዱ ልክ በተወሰነበት ዘመን ለወሳኙ የተስማማ ነበር። ይሁን እንጂ የአንዱ ሐዲድ ባቡር በሌላው ላይ ሊሄድ አይችልም፤ ብረቱ አንዴ ከተነጠፈ በኋላም ልኩን በደብዳቤ መለወጥ የማይቻል ነው።

የባትሪ መሙያ ጣቢያ እንደ ሐዲድ የከበደ አይደለም፤ ገመዱ ሊቀየር፣ ፕሮግራሙ ሊታደስ ይችላል። ነገር ግን ካሊፎርኒያ በ2001፣ አውሮፓ በ2014፣ አሜሪካ በ2023 ያደረጉት ሁሉ ከተተከለ በኋላ የማረም ሥራ ነበር፤ ዋጋውም በዚያው መጠን ነው። መጥኖ መደቆስ ቀድሞ ነው የሚለው የባልትና ምክር ለመሐንዲስም ይሠራል። ጣቢያዎቹ ገና ጥቂት ሳሉ ስፒናውን፣ ቋንቋውንና አከፋፈሉን በአንድ ሰነድ መወሰን የሚጠይቀው ስብሰባና ወረቀት ነው፤ ጣቢያዎቹ ከበዙ በኋላ ግን ያው ውሳኔ የሚጠይቀው የውጭ ምንዛሪ ይሆናል።