ስምንት ነበርን፦ ብዙ ባለታሪክ ስላለው ታሪክ አጻጻፍ

ባለፈው ዓመት በተገናኘን ጊዜ፣ ከምሳ በኋላ ቡናው ሲቀርብ፣ የማኅበሩ ኮሚቴ አንድ ሥራ ሰጠኝ። «አንተ አማርኛ ነው ያጠናኸው፤ የባቻችንን ታሪክ ለመጽሔቱ ጻፍልን» አሉኝ። እኔም ብዙ ሳላስብ እሺ አልኩ። ሁለት ወር ፈጀብኝና አሥራ ሁለት ገጽ ሆነ። ጥሩ የጻፍኩ መሰለኝ። ለኮሚቴው ከመስጠቴ በፊት ግን አብራን ለተማረች፣ አሁን ግቢው ውስጥ ለምታስተምር ጓደኛችን እንድታየው ሰጠኋት። በሳምንቱ መለሰችልኝ። ዳርና ዳሩ ላይ በእርሳስ የጻፈችው ሁለት ነገር ብቻ ነበር። አንደኛው «ይሄ የእሱ ገድል ነው እንጂ የባቹ ታሪክ አይደለም» ይላል። ሁለተኛው «ዶርማችን ውስጥ ሰባት ነበርን» ካልኩት አጠገብ የተጻፈ ነው፤ «ስምንት ነበራችሁ» ይላል።

«እሱ» ማን እንደሆነ የባቻችን ልጆች ሳልነግራችሁ ታውቃላችሁ። ተማሪ ሳለን በየስብሰባው የሚናገር፣ ደፋር፣ በኋላም ትልቅ ቦታ የደረሰ ልጅ ነው። የኔ አሥራ ሁለት ገጽ እሱን ተከትሎ ይሄዳል። እሱ ካፌ ሲገባ እኛም እንገባለን፤ እሱ ሲመረቅ እኛ ከኋላው ጋውን ለብሰን እናጨበጭባለን። ስምንተኛው ልጅ ደግሞ የመጀመሪያው ሴሚስተር ውጤት ሲለጠፍ ዲስሚስ የተደረገው ነው። በማግሥቱ ሻንጣውን ይዞ ወጣ። እኔ ሆን ብዬ አልሰረዝኩትም፤ ረሳሁት። ይሄ ደግሞ ከመሰረዝ የሚሻል አልመሰለኝም።

አፍሬ ወደ መጻሕፍቱ ተመለስኩ። አንድ ሰው ብቻ «አክተር» ያልሆነበት ታሪክ እንዴት ይጻፋል? ጥያቄው ለኔ አዲስ ቢሆንም ለአማርኛ ሥነ ጽሑፍ አዲስ አይደለም። የአማርኛ ልቦለድ ታሪክ፣ በአንድ በኩል ሲታይ፣ ከዚሁ ጥያቄ ጋር የተደረገ ረጅም ትግል ነው።

የወረስነው የጽሑፍ ልማድ በአንድ ሰው ዙሪያ የተሠራ ነበር። ገድሉ የአንድ ጻድቅ ነው። ዜና መዋዕሉ የአንድ ንጉሥ ነው፤ ከዐምደ ጽዮን ጀምሮ ደብተራ ዘነብ ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ በአማርኛ እስከ ጻፉት ድረስ ያለው ቅርጽ ይሄው ነው። በነዚህ ጽሑፎች ውስጥ ሰው አልጠፋም፤ እልፍ ሰው አለ። ነገር ግን እያንዳንዱ የሚታወቀው ለንጉሡ ባለው ነገር ነው፦ ታማኙ፣ ከሐዲው፣ ሎሌው፣ ጠላቱ። ለራሱ ምን ይፈልግ እንደነበር የሚጠይቀው የለም።

ሌላ ልማድ ግን በጎን ነበረን። ያደግነው አንዱን ታሪክ አራት ወንጌላውያን ሲጽፉት እየሰማን ነው። ከዛፍ ሥር ደግሞ ሙግቱ ነበር። በበልሃ ልበልሃ ከሳሹ ተነሥቶ ይናገራል፤ አድማጭ ሁሉ «እውነቱን ነው» ይላል። ተከሳሹ ይነሣል፤ ያው አድማጭ «ይሄም እውነቱን ነው» ይልና ግራ ይጋባል። ለኔ የብዙ ባለታሪክ ትረካ ዘሩ እዚህ ያለ ይመስለኛል። ሁለቱም እስኪናገሩ ድረስ ፍርድ ማቆየት ነው።

በ1900 ዓ.ም. ገደማ ሮም የታተመው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ልብ ወለድ ታሪክ፣ ኋላ «ጦቢያ» የተባለው፣ የመጀመሪያው የአማርኛ ልቦለድ ነው። የሚገርመው ገና ከጅምሩ መንገዱ ሁለት መሆኑ ነው። በጦርነት የተማረከውን አባት አንድ ደግ ነጋዴ ገንዘብ ከፍሎ ያስለቅቀዋል። ልጁ ዋሕድ ውለታውን ለመመለስ ነጋዴውን ፍለጋ ይወጣል። እሱ ሲቀር መንትያ እህቱ ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ጋር እሱን ፍለጋ ትወጣለች። ደራሲው ሁለት መንገድ በአንድ ጊዜ መሄድ ስለማይችል አንዱን እያቆመ ሌላውን ያነሣል። አንባቢ ደግሞ አንዱ ዘንድ ሆኖ ለሌላው ይጨነቃል። ሁለት ባለታሪክ ያለው ጽሑፍ ጥቅሙ ይሄ ነው፤ ገጹ ላይ ለሌለው ሰው ማሰብን ያስተምራል።

ከዚያ በኋላ የመጡት ታላላቅ ሥራዎች ግን ወደ አንድ ሰው ተመለሱ። በኅሩይ ወልደ ሥላሴ «አዲስ ዓለም» (1925 ዓ.ም.) አወቀ ፓሪስ ተምሮ ይመለሳል። በግርማቸው ተክለ ሐዋርያት «አርአያ» (1941 ዓ.ም.) አርአያም ፈረንሳይ ተምሮ ይመለሳል። የተማረው ልጅ መሐል ላይ ይቆማል፤ አገሩ እሱ የሚያርመው ደብተር ይሆናል። እውነቱን እንነጋገርና እኛ ምሩቃን ይሄን ታሪክ እንወደዋለን፤ የራሳችን ታሪክ ስለሚመስለን። የኔ አሥራ ሁለት ገጽም ከዚሁ ዘር ነበር።

በ1958 ዓ.ም. «ፍቅር እስከ መቃብር» ወጣ። ርዕሱን ያየ ሰው የሁለት ፍቅረኞች ወግ ብቻ ይመስለዋል። ሐዲስ ዓለማየሁ ግን ከአምስት መቶ በሚበልጠው ገጽ ውስጥ በዛብህን ከማምጣታቸው በፊት ወላጆቹን፣ ቦጋለ መብራቱንና ውድነሽ በጣሙን፣ ያስተዋውቁናል። ከልጁ በፊት እናቱ የተሳለችው ስለት አለ። ሰብለ ወንጌልን ለማወቅ በዘር ኩራት ለልጃቸው የሚመጥን ባል ያጡላትን ፊታውራሪ መሸሻን ማወቅ ያስፈልጋል። ጉዱ ካሳ «አበደ» ከሚሉት ሰዎች መካከል እየኖረ የሥርዓቱን ውስጥ ያሳየናል። ግብሩ የበዛባቸው ገበሬዎችም በአበጀ በለው መሪነት ሲነሡ ጀርባ ላይ የተሣሉ ሥዕሎች አይደሉም፤ የሚሉት አላቸው።

ሐዲስ ይሄን ሁሉ ሰው ያሰሩበት ገመድ አንድ ነው፤ የፊታውራሪ ጉልትና ቤት። ፍቅሩም፣ አመፁም፣ የካሳ «እብደት»ም መነሻቸው እዚያው ነው። ብዙ ባለታሪክ ያለው ታሪክ እንዳይበተን የሚያደርገው የሰዎቹ መተዋወቅ ብቻ ሳይሆን አንድ ነገር ሁሉንም መንካቱ ነው፤ እያንዳንዱን በየራሱ በኩል። ፊታውራሪን እንኳ ደራሲው አላዋረዱትም። እንስቅበታለን፤ ግን ከራሱ አንጻር ስናየው የሚያደርገው ሁሉ ምክንያት አለው። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው የሰማ ያስታውሳል። አንድ ሰው፣ አንድ ማይክሮፎን፤ ግን ቤቱን የሚሞላው የብዙ ሰው ድምፅ ነበር።

ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1962 ዓ.ም.፣ የዳኛቸው ወርቁ «አደፍርስ» መጣ። እዚህም የተማረ ወጣት አለ፤ መጽሐፉም በስሙ ተጠርቷል። ልዩነቱ አሁን አገሩ መልስ የሚሰጠው መሆኑ ነው። አደፍርስ ይናገራል፤ የመሬት ባለቤቷ ወይዘሮ አሰጋሽም ይናገራሉ፤ ሌሎቹም እያንዳንዳቸው በየአነጋገራቸው ይከራከራሉ። ደራሲው ዳኛ ሆኖ አይፈርድም። «ካልደፈረሰ አይጠራም» የሚለውን ተረት የሚያስታውሰው ስም የያዘው መጽሐፍ፣ ውኃው ጠራ ብሎ አያሰናብተንም። ተማሪ ሳለሁ ከዚህ መጽሐፍ ጋር ተጣልቼ ነበር፤ «የማን ታሪክ እንደሆነ አልገባኝም» ብዬ። አሁን ሳነበው የገባኝ፣ ያ አለመግባቱ ራሱ ሐሳቡ መሆኑ ነው።

አብዮቱ ሌላ ፈተና አመጣ። ያኔ «ሰፊው ሕዝብ» የሚባል ባለታሪክ ተወለደ። አንድን ሰው ብቻ ማንገሥ ሰውን እንደሚያጠፋው ሁሉ፣ ሁሉንም አንድ ላይ መጥራትም ያጠፋል፤ ሕዝብ ሆኖ ስም የሌለው ይሆናል። ብርሃኑ ዘሪሁን በሦስት ክፍል «ማዕበል» የዘመኑን ነውጥ ሲጽፍ የታገለው ከዚህ ጋር ይመስለኛል፤ ማዕበሉን ማሳየት፣ ግን ማዕበሉ የወሰደውን ሰው ፊትም አለመርሳት። በዓሉ ግርማ በ1975 ዓ.ም. ባሳተመው «ኦሮማይ» የኤርትራውን ትልቅ ዘመቻ በአንድ ጋዜጠኛ ዓይን ነው ያሳየን። ዓይኑ አንድ ቢሆንም ያያቸው ሰዎች ሙሉ ናቸው፤ ጠላት በተባለው ወገን ያሉትም ያፈቅራሉ፣ ይፈራሉ። መጽሐፉ ከገበያ ተለቀመ። ደራሲው በየካቲት 1976 ዓ.ም. እንደወጣ ቀረ። ለሁሉም ወገን ፊት መስጠት የአጻጻፍ ስልት ብቻ እንዳልሆነ የሚያስታውሰን ይሄ ነው።

በቅርቡ ዘመን ደግሞ አዳም ረታ «ሕፅናዊነት» ብሎ በሰየመው አጻጻፉ፣ በአንዱ ታሪክ ዳር ላይ ሽው ብሎ ያለፈውን ሰው በሌላው መሐል ላይ ያስቀምጠዋል። ዳር የሚባል ቦታ እንደሌለ፣ ቆመን የምናይበት ቦታ ብቻ እንዳለ የሚነግረን ይመስለኛል።

ከዚህ ሁሉ ንባብ ለራሴ የያዝኩት ጥቂት ነው። አንደኛ፣ እያንዳንዱ ሰው ለራሱ የሚፈልገው ነገር ይኑረው፤ ለዋናው ሰው መድረክ ማሟያ ብቻ ከሆነ ባለታሪክ አይደለም። ሁለተኛ፣ ሁሉንም የሚነካ አንድ ነገር ይኑር፦ ጉልት፣ ጦርነት፣ ወይም ስምንት አልጋ ያለው ዶርም። ሦስተኛ፣ ፍትሕ ማለት እኩል ገጽ ማለት አይደለም። ግማሽ ገጽም ይበቃል፤ ግን ያቺ ግማሽ ገጽ የራሱ ትሁን።

በመጨረሻ ስምንተኛውን ልጅ ፈለግሁት። በሰው በሰው ስልኩን አገኘሁና ደወልኩ። ድምፄን ሳልነግረው ለየው። ስለ ጽሑፉ ነገርኩትና እኔ የማስታውሰውን ነገርኩት፦ «ጠዋት ስንነቃ አልጋህ ባዶ ነበር።»

ትንሽ ዝም አለና፣ «እናንተ እንኳ ነቅታችሁ ነበር» አለኝ።

እውነቱን ነው። ነቅተን ነበር። ምን እንደሚባል ጨንቆን ብርድ ልብሱን ተከናንበን ተኛን።

«እኔም አውቅ ነበር» አለ። «የተኛችሁ የመሰለኝ እንዲመስላችሁ ብዬ ነው በእግሬ ጣት እየተራመድኩ የወጣሁት። እንዳታፍሩ።»

ለብዙ ዓመት ያችን ንጋት የኛ ታሪክ አድርጌ ይዣት ነበር። የሱም ነበረች፤ እንዲያውም ከሁላችንም ይልቅ ለኛ ያሰበው እሱ ነበር። የኔ አሥራ ሁለት ገጽ ይሄን ሊያውቅ አይችልም ነበር፤ በሩ ላይ ቆሞ ወደኛ ዞሮ ያየው እሱ ብቻ ነውና።

ስለዚህ፣ ውድ የባቼ ልጆች፣ የባቻችን ታሪክ በዚህ እትም የለም፤ ኮሚቴውን ይቅርታ ጠይቄአለሁ። ለሚቀጥለው ዓመት ግን አንድ ልመና አለኝ። እያንዳንዳችሁ አንድ ገጽ ጻፉ፤ ስለ ሥራችሁና ስለ ማዕረጋችሁ ሳይሆን ስለ አንድ ቀን። በምረቃው መጽሔት ፎቶው የሌለ፣ አብሮን ገብቶ አብሮን ያልወጣ ልጅ የምታውቁ ካላችሁም ደውሉለት። መምህራኖቻችንም በናንተ በኩል ሆኖ ሲታይ ምን እንመስል እንደነበር ብትጽፉልን ደስ ይለናል፤ መስማቱ ቀላል ባይሆንም።

ስምንተኛው ገጹን ልኳል። የሱ ከሁሉም ቀድሞ ደርሷል።