የኤስ-4 ሰርጓጅ መርከብ ታሪክ

የሰው ልጅ በባሕር ውስጥ እንደ ዓሣ የሚሄድበትን መርከብ በጥበቡ ሠራ፤ ነገር ግን ወደ ጥልቁ የሚያወርደውን አስቀድሞ ሲያበጅ፥ ከጥልቁ የሚያወጣውን ዘግይቶ አሰበ። ለዚህም የአሜሪካ ባሕር ኃይል መርከብ የነበረችው የኤስ-4 ታሪክ ምስክር ነው። (የምንጠቅሰው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።)

ኤስ-4 በ1919 ዓ.ም. ሥራዋን ጀመረች፤ እስከ 1924 ዓ.ም. ድረስም በፊሊፒን ደሴቶች አገለገለች። በ1927 ዓ.ም. ዲሴምበር 17 ቀን በማሳቹሴትስ ግዛት፥ በፕሮቪንስታውን ከተማ አጠገብ፥ ፍጥነቷ ሲለካ ውላ ከውሃ በታች ወደ ላይ በምትወጣበት ጊዜ፥ ክልክል መጠጥ በስውር የሚያስገቡትን ለመያዝ የምትዞር ፖልዲንግ የተባለች የጠረፍ ጠባቂ መርከብ ገጨቻት። ኤስ-4ም 40 ሰዎች እንደ ያዘች ሰጠመች፤ 30 ሜትር ያህል ወርዳም ከባሕሩ ወለል ላይ ዐረፈች።

በማግሥቱ ቶማስ ኢዲ የተባለ ጠላቂ ወርዶ ብረቷን ቢመታ፥ ከውስጥ ስድስት ጊዜ ተመትቶ ተመለሰለት። በፊተኛው የቶርፒዶ ክፍል ስድስት ሰዎች በሕይወት ነበሩ። እነርሱም ብረት እየመቱ በምልክት ተስፋ እንዳለ ይጠይቁ ነበር። ከላይ ያሉት ድምፃቸውን ይሰማሉ፤ የሚያወጡበት መሣሪያ ግን አልነበራቸውም። ማዕበሉም በርትቶ ጠላቂዎቹን ከለከለ። ጥቂት ቀንም ሳይቆይ ድምፁ ጠፋ፤ ከ40ው አንድ እንኳ አልዳነም።

ቻርልስ ሞምሰን የተባለ መኰንን ግን ከዚህ አደጋ በፊት፥ ሰዎችን ከሰጠመ መርከብ የሚያወጣ በደወል አምሳል የተሠራ ክፍል ወደ ባሕር እንዲወርድ አሳብ አቅርቦ ሰሚ አጥቶ ነበር። አሁን ተሰማ። ኤስ-4ም በማርች 1928 ዓ.ም. ከባሕር ወጥታ ከተጠገነች በኋላ የማዳኛ መሣሪያ መፈተኛ ሆነች። ሞምሰንም በ1929 ዓ.ም. የራሱን የመተንፈሻ ከረጢት ለብሶ ከእርሷ ውስጥ ወደ ላይ በመውጣት ፈተነው። የማውጫውንም ክፍል አለን ማካን የተባለ መኰንን ፈጸመው። መርከቢቱ በ1936 ዓ.ም. ሆን ተብሎ በባሕር እንድትሰጥም ተደረገች።

በ1939 ዓ.ም. ስኳለስ የተባለች ሰርጓጅ መርከብ 59 ሰዎች ይዛ ከ70 ሜትር በላይ በሚጠልቅ ባሕር ሰጠመች። 26ቱ ሞቱ፤ 33ቱ ግን በዚያ የማውጫ ክፍል በአራት ምልልስ በሕይወት ወጡ።

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚለው ተረት ለኤስ-4 ሰዎች እውነት ሆነባቸው። ለ33ቱ ግን የዘገየው ጩኸት ደረሰላቸው። የምክር ሰሚ አስቀድሞ ቢገኝ ኖሮ ግን፥ ስድስቱም ባልቀሩ ይሆናል።