በኮምፒውተር ላይ የተጫኑ የፓይተን ሞጁሎችንና ፋይሎቻቸውን መለየትና መከታተል

ይህ ገጽ በአምስት ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን ኮደሮች ኢንሼቲቭ በመሠልጠን ላይ ለሚገኙ፣ እንዲሁም በራሳቸው ጥረት የፕሮግራም አጻጻፍ ለሚማሩ ዜጎች የተዘጋጀ ነው። በተለይም በወልቂጤና በቡታጅራ ከተሞች አንድን ኮምፒውተር ከሌሎች ጋር በጋራ የሚጠቀሙ ሠልጣኞችን ታሳቢ ያደርጋል። በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. የተጀመረው ኢንሼቲቭ ሥልጠናውን በበይነ መረብ በነጻ የሚሰጥ ሲሆን፣ ከዘርፎቹ መካከል ዳታ ሳይንስና አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ይገኙበታል። በእነዚህ ዘርፎች መሥራት የጀመረ ሰው ፓይተን ከተባለው የፕሮግራም ቋንቋና ሌሎች ጽፈው ለጋራ ጥቅም ካቀረቧቸው ሞጁሎች ጋር መገናኘቱ አይቀርም።

ሞጁል ማለት አንድን ተግባር እንዲያከናውን አስቀድሞ የተጻፈና በፕሮግራማችን ውስጥ ጠርተን የምንጠቀምበት የፕሮግራም ክፍል ነው። ሞጁሎችን የሚያወርደው፣ የሚጭነውና የሚያነሣው መሣሪያ ፒፕ ይባላል። ትእዛዞቹ በኮምፒውተር ላይ የሚጻፉት በላቲን ፊደል በትንንሽ ሆሄያት ሲሆን፣ እዚህ ግን በንባባቸው ቀርበዋል።

ምን ተጭኗል?

በተርሚናል ላይ «ፒፕ ሊስት» ብሎ መጻፍ የተጫኑትን ሁሉ ከነእትም ቁጥራቸው ይዘረዝራል። ስለ አንዱ ብቻ ለማወቅ «ፒፕ ሾው» ከሚለው ቀጥሎ የሞጁሉን ስም መጻፍ ያስፈልጋል፤ የተቀመጠበት ቦታ፣ የሚያስፈልጉት ሌሎች ሞጁሎችና እርሱን የሚፈልጉት ተለይተው ይታያሉ። በትእዛዙ ላይ «ሰረዝ ኤፍ» ሲጨመርበት ደግሞ የሞጁሉ ፋይሎች በሙሉ ይዘረዘራሉ።

ብዙ ጀማሪዎችን የሚያደናግረው ስም ነው። አንድ ሞጁል የሚጫንበት ስም በፕሮግራም ውስጥ ከሚጠራበት ስም ሊለይ ይችላል። ለምሳሌ ሳይኪት ለርን በፕሮግራም ውስጥ የሚጠራው ኤስኬለርን በሚል አጭር ስም ነው፤ ይህን አጭር ስም በዝርዝሩ ውስጥ የሚፈልግ ሰው አያገኘውም፤ ሞጁሉ ግን ተጭኗል።

ሌላው ተደጋጋሚ ችግር በአንድ ኮምፒውተር ላይ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ፓይተን መኖሩ ነው። ሞጁሉ በአንደኛው ላይ ተጭኖ ፕሮግራሙ በሌላኛው ሲሠራ «ሞጁሉ አልተገኘም» የሚል መልእክት ይመጣል፤ ሠልጣኙም ያንኑ ሞጁል ደጋግሞ በማውረድ የኢንተርኔት ጥቅሉን ይጨርሳል። እንደገና ከማውረድ በፊት «ፓይተን ሰረዝ ኤም ፒፕ ሊስት» ብሎ መጠየቅ ይመረጣል፤ ይህ አጻጻፍ ትእዛዙን በሚሰጡበት በዚያው ፓይተን ላይ ያለውን ብቻ ያሳያል።

መዝገቡ የት ይገኛል?

የሚጫኑ ሞጁሎች አብዛኛውን ጊዜ ሳይት ፓኬጅስ በተባለ ፎልደር ውስጥ ይቀመጣሉ። ከሞጁሉ ፎልደር ጎን ለጎን ስሙና የእትም ቁጥሩ የሰፈረበት፣ በዲስት ኢንፎ የሚያበቃ ሌላ ፎልደር ይፈጠራል። በውስጡ ካሉት ፋይሎች ዋነኛው ሪከርድ ይባላል። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል ገቢ ዕቃን በሞዴል 19 እንደሚመዘግበው ሁሉ፣ ሪከርድም ከሞጁሉ ጋር የገቡትን ፋይሎች አንድ በአንድ ይመዘግባል። እያንዳንዱ መስመር የፋይሉን አድራሻ፣ ከይዘቱ ተሰልቶ የተገኘ መለያና የፋይሉን መጠን ይይዛል። ይህ አሠራር በፓይተን ማኅበረሰብ የተቀረጸው እ.ኤ.አ. በ2009 በቀረበ ሐሳብ ነው፤ ፐርል የተባለው ቀደም ያለ ቋንቋም ፓክሊስት በሚል ስም ተመሳሳይ መዝገብ ይይዛል።

ሞጁል ሲነሣ ፒፕ የሚያጠፋው በዚህ መዝገብ ላይ ያገኘውን ነው። ስለሆነም የሞጁሉን ፎልደር በእጅ መሰረዝ አይመከርም። የዲስት ኢንፎ ፎልደር ሳይነካ ከቀረ ሞጁሉ በዝርዝሩ ላይ እንዳለ ሆኖ መታየቱን ይቀጥላል፤ ሪከርድ የተባለው ፋይል ከጠፋ ደግሞ ፒፕ ሞጁሉን ለማንሣት ፈቃደኛ አይሆንም። ሞጁሉ ሥራ ከጀመረ በኋላ ራሱ የፈጠራቸው የዳታ ፋይሎች በመዝገቡ ላይ ስለማይሰፍሩ ከተነሣም በኋላ በቦታቸው ይቆያሉ።

ተከትለው የመጡ ሞጁሎችም እንዲሁ ይቀራሉ። ፓንዳስን የጫነ ሰው ኑምፓይ አብሮ ይጫንለታል፤ ፓንዳስን ሲያነሣ ግን ኑምፓይ አይነሣም። «ፒፕ ቼክ» የተሰኘው ትእዛዝ በሞጁሎች መካከል የጎደለ ወይም የማይጣጣም እትም መኖሩን ይናገራል። ስሙ ሊያሳስት ስለሚችል ልብ ሊባል የሚገባው፣ የፋይሎች ይዘት መለወጡንና አለመለወጡን አይመረምርም።

በጋራ ኮምፒውተር ላይ

በአንድ ማሽን ላይ አምስት ሠልጣኞች በየተራ ሲሠሩ የአንዱ አዲስ እትም የሌላውን ሥራ ሊያበላሽ ይችላል። መፍትሔው ቬንቭ በተባለው የፓይተን መሣሪያ ለእያንዳንዱ ሰው ወይም ለእያንዳንዱ ሥራ የተለየ የሥራ አካባቢ መፍጠር ነው። የሥራ አካባቢው የራሱ የሆነ የሞጁል ማስቀመጫ ይኖረዋል፤ ከመጠቀም በፊት ግን መንቃት አለበት። ሥራው ሲያበቃ አንዱን ፎልደር ማጥፋት ብቻ ይበቃል። በእጅ መሰረዝ የሚፈቀድበት ቦታ ቢኖር ይህ ነው፤ የሠሩት ፕሮግራም በዚያው ፎልደር ውስጥ እንዳይሆን ግን ይጠንቀቁ።

ሥራን ወደ ሌላ ቦታ ማዛወር

ለአንድ ትምህርት ቤት ወይም የኅብረት ሥራ ማኅበር ፕሮግራም ሠርቶ የሚያስረክብ ወጣት የትኞቹን ሞጁሎች በየትኛው እትም እንደተጠቀመ ጽፎ ካላስረከበ፣ ፕሮግራሙ በተረካቢው ኮምፒውተር ላይ ላይነሣ ይችላል። «ፒፕ ፍሪዝ» ይህን ዝርዝር ያወጣል፤ ውጤቱም ሪኳየርመንትስ በሚል ስም በፋይል ተቀምጦ ከሥራው ጋር ይሰጣል።

ኢንተርኔት በማይገኝበት ወይም በሚቆራረጥበት ቦታም ይኸው ዝርዝር ያገለግላል። ወልቂጤ ላይ ሆኖ በ«ፒፕ ዳውንሎድ» ሞጁሎቹን ከነተከታዮቻቸው በፍላሽ መያዝና እምድብር ወይም አገና ሄዶ ያለ ኢንተርኔት መጫን ይቻላል። በመጫኛው ትእዛዝ ላይ ኖ ኢንዴክስ እና ፋይንድ ሊንክስ የተባሉት አማራጮች ይጨመራሉ፤ የመጀመሪያው ወደ ኢንተርኔት እንዳይሄድ ይከለክላል፣ ሁለተኛው የፍላሹን ፎልደር ያመለክታል። ሁለቱ ኮምፒውተሮች ተመሳሳይ ኦፐሬቲንግ ሲስተምና ተመሳሳይ የፓይተን እትም ከሌላቸው የተወረደው ፋይል ላይሠራ ስለሚችል፣ ከመነሣትዎ በፊት ይህን ያረጋግጡ። የመመለሻው መንገድ ከማውረጃው ጊዜ ይበልጣል።

አጠራጣሪ ሞጁል ሲያጋጥም

ሞጁሎች የሚወርዱበት የሕዝብ ማከማቻ ማንኛውም ሰው የራሱን ሥራ የሚያስቀምጥበት ክፍት ቦታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ኮሎራማ በተባለ ታዋቂ ሞጁል ስም ላይ አንዲት የላቲን ፊደል ብቻ በመጨመር የተዘጋጀ ሐሰተኛ ሞጁል ተገኝቷል። ሐሰተኛው ሞጁል ተጠቃሚው የገለበጠውን የቢትኮይን አድራሻ በሌላ ሰው አድራሻ ይተካ ነበር። ስሙን በችኮላ የጻፈ ሰው በገዛ እጁ ይጭነዋል ማለት ነው።

በዝርዝርዎ ላይ የማያውቁት ስም ካገኙ በቅድሚያ በ«ፒፕ ሾው» ማን እንደሚፈልገው ይመልከቱ፤ ብዙ ጊዜ የሌላ ሞጁል ተከታይ ሆኖ ይገኛል። የሚፈልገው ከሌለና ኮምፒውተሩን ከሚጋሩት መካከል የጫነው ካልታወቀ፣ ስሙን፣ እትሙንና የፋይሎቹን ዝርዝር ገልብጠው ያስቀምጡ፤ ሞጁሉን ካነሡት በኋላ መዝገቡም አብሮ ስለሚጠፋ ይህ መቅደም አለበት። በዚያ ኮምፒውተር ላይ የተጠቀሙባቸውን የይለፍ ቃሎች ከሌላ መሣሪያ ይቀይሩ። ጉዳት መድረሱን ከተጠራጠሩም የያዙትን ዝርዝር አቅርበው ለኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር ያሳውቁ።